እጣቢው ካላለቀሰ

አባቴ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ባልዲ ይጠግናል፣ አሸንዳ ያጥፋል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከርግብ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። እኔ ደግሞ መሰላል ያዥ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ተለያየን፤ እሱ ቀጠለ፣ እኔ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ በመሀላችን ዐሥራ አንድ መወጣጫ ያለው መሰላል። ስሜን ትቶ «ራዲዮ» ነው የሚለኝ፣ ስለማላቋርጥ። ከታች ሆኜ ስለ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አወራለታለሁ፤ እሱ ምስማር በከንፈሩ ይዞ «እህ» ይላል። አፉ ውስጥ ምስማር ያለ ሰው ሊቆጣ አይችልም። ይህን በጊዜ ነው ያወቅሁት።

አሁን የምጽፈው ስለ አንዲት ማስቲካ ነው። ሳኝካት ጣፋጭ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከኛ ሁለት መንገድ አልፎ ጥግ ላይ ነው ቤቷ። አራት ዓመት ያልሞላቸው መንታ ወንዶች አሏት፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ያለቅሳል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ እሱም እየተግደረደረ ስለሚመጣ፣ አባቴን አስጠርታ «ጋሼ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ያዝልኝ» አለችው። ያዘላት።

እንዴት እንደሚያዝ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም።

ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አሸንዳው ይቀበለዋል። አሸንዳው ለዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ይላል፤ በየሦስት እርምጃው አንድ ጣት። አባቴ ይህችን አንድ ጣት ለማግኘት ግማሽ ቀን ክር ሲወጥር ይውላል፣ እኔም ከታች ክር ይዤ አንገቴ ይደርቃል። ጥጉ ላይ ውሃው በወንፊት ያልፋል፤ ቅጠልና ላባ እዚያ ይቀራል። ከወንፊቱ ቀጥሎ ግን ወደ ታንከሩ አይሄድም። መጀመሪያ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አንድ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ የቱቦው ታች ደግሞ በክዳን ተዘግቷል።

ለምን ብትሉ፣ ጣሪያ ይቆሽሻላ። አቧራ አለ፣ ጥላሸት አለ፣ ርግቦቹ ደግሞ ኩሳቸውን የሚጥሉበት ሌላ ቦታ ያጡ ይመስል እዚያው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የሚሠራው ሥራ ጣሪያውን ማጠብ ነው። ሳህን ያጠባችሁበትን ውሃ ትጠጣላችሁ? አትጠጡም። አባቴ ይህን የቆመ ቱቦ «እጣቢ» ይለዋል። እጣቢው በቆሻሻው ውሃ እየሞላ ሲመጣ ውስጡ ያለች ቀላል የልጆች ኳስ እየተንሳፈፈች ትወጣና አፉን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ መግቢያ ሲያጣ ወደ ጎን ታጥፎ ታንከሩ ውስጥ ይገባል። ታንከሩ ጥቁር ነው፤ ብርሃን ከገባበት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ቧንቧው የሚገጠመው ከታንከሩ ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው፤ ዝቃጩ ከታች እንደተኛ እንዲቀር። ትርፉ ውሃ የሚወጣበት አፍ ላይም ወንፊት አለ፤ የወባ ትንኝ ቤት እንዳትሠራበት።

አሁን ዋናው መጣ። ከእጣቢው ታች፣ ክዳኑ መሀል፣ አባቴ በቀጭን ምስማር የበሳት አንዲት ቀዳዳ አለች። ዝናቡ ካባራ በኋላ በዚያች ቀዳዳ ቆሻሻው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይፈሳል፣ ቀኑን ሙሉ፣ ቱቦው ባዶ እስኪሆን። ባዶ ሲሆን ኳሷ ትወርዳለች፤ አፉ ለሚቀጥለው ዝናብ ይከፈታል። አባቴ ይህን «ማልቀስ» ይለዋል። «እጣቢው ካለቀሰ ሰው አያለቅስም» ይላል፤ በየቤቱ፣ ለየደንበኛው፣ በዚያው ድምፅ። መቶ ጊዜ ስለሰማሁት አንድም ጊዜ አልሰማሁትም።

ያን ሰሞን አባቴ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ስድሳ ልጆች አሉት፣ ጣሪያው ሦስት አውቶቡስ ያስቆማል። ዳይሬክተሯ የልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ናት። ቀሚሷን ልታስለካ መጥታ ታንከሩን አየችና አባቴን እንዲህ አለችው፦ «ጥሩ ዝናብ ይዝነብ። ከዚያ ዓርብ መጥቼ ውሃውን በዓይኔ አያለሁ። ከወደድኩት ጣሪያዬ ያንተ ነው።»

አባቴ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ባልዲ ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ካርቶን ቀድዶ የመዋዕለ ሕፃናቱን ጣሪያ ሣለ፤ አሸንዳውን በሰማያዊ፣ እጣቢውን በቀይ። ካርቶኑን ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። እናቴ «ከሥዕሉ ጋር ተጋባ እኔ ልውጣላችሁ» አለች። እሱ ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው።

አንድ ቀን ጠዋት ሲያካፋ ቆይቶ ከሰዓት አባራ። የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሜ በልብስ ሰፊዋ በር ሳልፍ የእህቷ ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቆማለች። ከዚህች ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበርን፤ እሷ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዩኒፎርሟ ሁልጊዜ አሁን ከካውያ ሥር የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ዩኒፎርም እላታለሁ። እጣቢው የቆመው መንገዱ ዳር፣ በራቸው አጠገብ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ያለው አስፋልት ረጥቧል።

«ራዲዮ!» አለችኝ። የቤት ስሜን ማን እንደነገራት እንጃ። «ነይ እስቲ የአባትሽን ሥራ እዪ።»

«ምን ሆነ?»

«ሽንቱን መቆጣጠር አቃተው።»

ሦስቱ ተንከተከቱ። አንዷ «ዳይፐር አድርጉለት እንጂ፣ ያሳዝናል» አለች።

«አይ፣ እርጅና ነው» አለች ዩኒፎርም። «ባለቤቱም እኮ ወገቡን ይዞ ነው የሚሄደው።»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ከሰው አልበደርም። ያን ቀን ግን እጄ ላይ የብየዳ ጥላሸት ነበር፤ እነሱ ጣት ላይ ደግሞ የእስክሪብቶ ቀለም። ጫማዬን አየሁት፣ ጫማቸውን አየሁት። ጆሮዬ ጋለ። «ማልቀስ አለበት፣ ካላለቀሰ ነው የታመመው» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ዐረፍተ ነገር የአባቴ ነው፤ በኔ አፍ ቢወጣ ወገቤን የያዝኩ መስሎ ተሰማኝ። በአባቴ አፈርኩ። ቃሉን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ቃል የለውም።

«ይጠገናል» አልኩ።

እነሱ እየሳቁ ሲሄዱ ጎንበስ ብዬ የክዳኑን ሥር በእጅጌዬ ጠረግሁ። ማስቲካዬን ከአፌ አወጣሁ፤ ሮዝ ነበረች። በአውራ ጣቴ ቀዳዳዋ ላይ ጠፈጠፍኳት። ጠብታው ቆመ። ጸጥ አለ። ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን እያኩራራ ወሰደኝ።

ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው አንዲት ቀዳዳ አስቦ ቢበሳ፣ እሷን ልጁ ደፈነችበት። ያኔ ይህ አልታየኝም። ያኔ የታየኝ የደረቀ አስፋልት ነው።

ሁለት ሳምንት ሰማዩ ደረቀ። አቧራው ተነሣ፤ ርግቦቹ የልብስ ሰፊዋን ጣሪያ ርስታቸው አደረጉት። አባቴ ሌላ ሰፈር በር ሲበይድ ሰነበተ። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ሰማይ ተቀደደ። አባቴ መስኮት ላይ ቆሞ እጁን እያሻሸ «ይኸው መጣልን» አለ። እኔም አብሬው ቆሜ ነበር። የጠፈጠፍኳትን ማስቲካ አንዴም አላስታወስኳትም፤ እውነቴን ነው። ይህ ግን ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አይደለም።

ምን እንደሆነ አሁን እናንተም ታውቃላችሁ። እጣቢው ከዚያ ካፊያ ጀምሮ እንደሞላ ነው። ኳሷ አፉ ላይ ተወትፋለች። የሁለት ሳምንት አቧራና ኩስ ታጥቦ ሲመጣ መግቢያ አጣ፤ ወደ ጎን ታጠፈ፤ ታንከሩ ውስጥ ገባ።

አባቴ ለመጠጥ አፍሉት ይላል፤ ልብስ ሰፊዋም ታፈላለች። መንታዎቹ ግን ውሃ ሲጠማቸው አፋቸውን ቧንቧው ላይ ገጥመው ነው የሚጠጡት።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ጢሙን ተላጨ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ካርቶኑን ከራስጌው አውርዶ በብብቱ ያዘ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ። «መሰላል ምን ያደርጋል፣ ልናሳይ ነው እንጂ ልንወጣ አይደለም» ስለው፣ «ሠራተኛ መሆናችን በምን ይታወቃል?» አለኝ። ስንደርስ ዳይሬክተሯ በር ላይ ቆማለች። አጠገቧ ሁለት ጎረቤቶች አሉ፤ እነሱም ለቤታቸው ሊያሠሩ ያሰቡ። ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ ወጣች። አንዱን ልጅ ታቅፋለች። የልጁ ከንፈር ደርቋል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ምንድን ነው ያጠጣኸኝ?»

ብርጭቆ ይዛ ነበር። ቧንቧውን ከፈተችው። የወረደው ውሃ የሻይ እጣቢ ይመስላል፤ በውስጡ ጥቃቅን ነገር ይዞራል። ብርጭቆውን ለዳይሬክተሯ አሳየቻት።

«ሦስት ቀናቸው» አለች። «ሁለቱም። ሲያስመልሳቸው፣ ሲያስቀምጣቸው። ዛሬ ነው ትንሽ ፋታ ያገኘሁት።»

አባቴ ካርቶኑን ለኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ ወንፊቱን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ አስፋልቱን አየ። ደረቅ ነው። ተንበረከከ፤ ነጩን ሸሚዝ እንደለበሰ መሬት ላይ ተንበረከከ። እጁን ከክዳኑ ሥር ሰደደ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በጥፍሩ ፈለቀቀ፤ ወዲያው ውሃው ጥቁር ሆኖ እጁ ላይ ተንጠባጠበ።

መዳፉ ላይ አድርጎ አያት። ሮዝነቷ አልለቀቀም። የአውራ ጣቴ መስመር ሳይቀር ተቀርጾባታል። በዚህ ሰፈር ሮዝ ማስቲካ ቀኑን ሙሉ እያኘከ መሰላል የሚይዝ ሰው አንድ ብቻ ነው።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አላየኝም። አንዴ።

አፌ ውስጥ ሌላ ማስቲካ ነበረች። ዋጥኳት።

የምስማር ቆርቆሮውን ከኪሱ አወጣ፣ ከፈተው፣ ማስቲካዋን ከምስማሮቹ መሀል አስቀምጦ ዘጋው። ተነሣ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቀዳዳው ተደፍኗል። መጥቼ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።»

«በምን ተደፈነ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«በቆሻሻ» አለ አባቴ።

ራዲዮዋ እዚያ ቆማለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ምድር ግን ሥራ ይዛለች፣ ለኔ የምትከፈትበት ጊዜ የላትም። ካርቶኑን ጀርባዬ ላይ ደበቅሁት።

ዳይሬክተሯ ሰዓቷን አየች። «ስድሳ ልጅ ነው ያለኝ» አለች። «ባይሆን ይሻላል።» ጎረቤቶቹም አንዱ ሥራ፣ አንዱ ጉዳይ ትዝ አለውና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አባቴ ሸሚዙን አውልቆ ታንከሩን አራገፈ። ከላይ ባለው አፍ ብሩሽ ይዞ ገብቶ ውስጡን ፈተገ፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። ጫማው የተተረተረበት ቦታ ይታየኛል። ሲጨርስ ልብስ ሰፊዋን «ታንከሩ እስኪሞላ ውሃሽ በኔ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት ጀሪካን እያመላለሰ ያመጣላት ጀመር። ሁለተኛውን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ሰጠኝ። ግማሽ መንገድ ላይ «ዛሬ ራዲዮዋ ባትሪ ጨረሰች እንዴ?» አለኝ። ቀልድ ነው። እሱ እኔን ሊያጽናና ይቀልዳል። ቢመታኝ ኖሮ ቢያንስ አኩርፌ እገላገል ነበር።

እናቴ «ምን ተፈጠረ?» ስትለው «ሥራው አልሆነም» አላት። ካርቶኑን መልሶ አልሰቀለውም፤ አልጋው ሥር ከተተው። የሆዱን በሆዱ አድርጎ ባልዲ መጠገኑን ቀጠለ። እኔ ምስማር ላቀብለው ቆርቆሮውን በከፈትኩ ቁጥር እሷ አለች፤ ሮዟ፣ ከምስማሮቹ መሀል። አውጥቶ አልጣላትም። አላሳየኝምም። ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። መጀመሪያ ከጥግ ሱቁ፣ ቀጥሎ ከልጆቹ ሰማሁት። «ጋሽ እጣቢ መጣ!» «ጋሽ እጣቢ፣ ምን ልታጠጣን ነው?» አባቴ በራሱ አፍ ያወጣውን ስም መልሰው ለጠፉበት። ጀሪካኑን ይዞ እያለፈ እጁን ያነሣላቸዋል። እኔ ከኋላው ነኝ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ እንደሆንኩ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንዱ ደግሞ ጀሪካን ተሸክሟል።

በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም። ከምሳ በኋላ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ፤ ዳይሬክተሯ በእጇ ዝም በይ እያለች ወደ ቢሮዋ አስገባችኝ። ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ስላልነበራት ለሕፃን የተሠራ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ጉልበቴ አገጬን ነካው። ለመናዘዝ ከዚህ የተሻለ ወንበር አይሠራም።

«አንድ ሰው ነው የደፈነው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ቀዳዳዋን። የእጣቢውን።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«ሰውየ እንኳ አይደለም። ሴት ናት።»

«ታውቂያታለሽ?»

«በመጠኑ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አፌን አየችው፤ ያን ቀን የአባቴን መዳፍ ሳታይ አልቀረችም። «ማስቲካ ታኝካለች?»

«ትታለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ መጣልኝ፤ ሳላቋርጥ ነገርኳት። እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ቆይ፣ ቀዳዳዋ ለምን ታስፈልጋለች?» ስትለኝ ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳዋ ላይ ሣልኩት። አሸንዳው፣ በየሦስት እርምጃው አንድ ጣት። ወንፊቱ። እጣቢው። ኳሷ። አንድ ስንዝር ከፍ ያለው ቧንቧ። እየሣልኩ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ። መቶ ጊዜ ሰምቼ አልሰማሁትም ያልኩት የአባቴ ድምፅ በአፌ ይወጣል፤ «እህ»ው ሳይቀር።

«አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ያን ቀን ግን በቆሻሻ ነው አለኝ።»

«አልዋሸም» አልኩ።

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ከዚያ ፊቷ ተመለሰ። «ለኔ መንገርሽ ምን ይጠቅማል? የታመሙት የኔ ልጆች አይደሉም። ነይ፣ ተነሺ።»

እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድን።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ላይ ስፒሎች ይዛለች። ልጆቹ ከእግሯ ሥር ቁልፎች ይደረድራሉ፤ ከስተዋል፣ ግን ይጫወታሉ። ዳይሬክተሯ «ይህች ልጅ የምትነግርሽ አላት» ብላ ወደ ጎን ቆመች። ነገርኳት። አፉ ውስጥ ምስማር ያለ ሰው ሊቆጣ አይችልም ብያችሁ ነበር። ስለ ስፒል ግን ተሳስቻለሁ። አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ስድስት ነበሩ። ስድስተኛው ሲያልቅ አየችኝ።

«ለምን?»

ከጓዳው መጋረጃ ሥር የተወለወለ ጥቁር ጫማ ይታያል። ዩኒፎርም ናት፣ ታዳምጣለች። ጣቴን ወደ መጋረጃው ብቀስር እውነት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ «እሷ ስቃብኝ ነው።» ዓይኔን በጨው ታጥቤ ብል ማን ይከለክለኛል? ግን ማስቲካዋ የወጣችው ከኔ አፍ ነበር።

«በአባቴ አፍሬ ነው» አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ ልጆቹን አየች። «እኔ ሦስት ሌሊት ልጅ አቅፌ የተንቀጠቀጥኩት አንቺ ስላፈርሽ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱ ደግሞ ውሃ ያመላልስልኛል። እኔም በሩን ከፍቼ 'እዚያ አስቀምጠው' እለዋለሁ። ቁጭ በል እንኳ አላልኩትም።» ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሲታየኝ እሷም አፍራለች፤ ያንንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለካ እፍረት እንደ ጉንፋን ነው፣ አንዱ ካመጣው ለቤቱ ሁሉ ይዳረሳል።

«ሂጂ» አለችኝ። «ነገ ጠዋት አባትሽ ከነመሰላሉ ይምጣ። ጀሪካኑን ይተወው።»

ሊነጋጋ ሲል ዘነበ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አባራ። አባቴን «ልብስ ሰፊዋ ትፈልግሃለች» አልኩት። «ምን ሆነች?» አለኝ። «ነግሬያታለሁ» አልኩ። «ለዳይሬክተሯም።» ጫማውን እያሰረ ነበር። ክሩን አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። «መሰላሉን ያዢ» አለኝ።

ስንደርስ እጣቢው እያለቀሰ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አስፋልቱ ረጥቧል። ልብስ ሰፊዋ ወንበር አውጥታ «ጋሼ፣ እባክህ ተቀመጥ» ስትለው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት መሰላሉ ላይ ወጣ። ሰው ቁጭ በል ሲለው መሰላል የሚወጣ አባቴ ብቻ ነው። ወንፊቱን ሊያጸዳ ምስማሮቹን ከንፈሩ ላይ ያዘ። እኔ እግሩን፣ ማለቴ መሰላሉን ያዝኩ።

ዩኒፎርም ደብተሯን ታቅፋ ወጣች። ጠብታውን አየች፤ እኔን አየች። ከልማድ ይሁን ከእፍረት አላውቅም፣ ቀስ ብላ፣ «አሁንም ይሸናል» አለች።

«አዎ» አልኩ። «ካልሸና ነው የሚያስፈራው።» ከዚያ ጮክ ብዬ፣ ከላይ እንዲሰማኝ፣ «እጣቢው ካለቀሰ ሰው አያለቅስም!»

ከላይ «እህ» ተባለ። ያ «እህ» ግን የምስማር አልነበረም።

ዳይሬክተሯም መጥታ ነበር፤ ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆ ሞላች፤ ወደ ፀሐይ አነሣችው። በብርጭቆው ውስጥ ጣቶቿ ይታያሉ። ረጅም ጊዜ አየችው። «ሌላ ቆርቆሮ ሠሪ አነጋግሬ ነበር» አለች። «እጣቢ ምን ያደርጋል አለኝ። ጋሽ እጣቢ፣ ሰኞ መሰላልህን ይዘህ ና።» ስሙን ለስድብ አላለችውም፤ እሷ ስሙ መስሏት ነው። አባቴም አላረማትም። ዛሬም በዚያው ስም ነው የሚጠራው፤ ሥራ የሚያመጡ ሰዎችም በዚያው ይፈልጉታል። እሱ ለምዶታል። እኔ በሰማሁት ቁጥር አንገቴ ይግላል።

ዳይሬክተሯ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ስድሳ ልጅ ነው ያለኝ፣ ስድሳውም ቀዳዳ ካየ ጣት ወይ ጭቃ ይከታል። ልጅህ ትንገራቸው።»

ሰኞ ነገርኳቸው። አንድም አዋቂ እንዲህ አፍጥጦ ሰምቶኝ አያውቅም። አንዷ ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች።

«ማናት የደፈነችው?»

አባቴ መሰላሉ ላይ ነበር። መዶሻው ቆመ።

«እኔ» አልኩ።

«ለምን?»

ስድሳ ልጅ በአንድ አፍ ለምን ሲል ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። መለስኩ፤ ለልብስ ሰፊዋ ያልኩትን አልኩ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ «አባትሽ ተቆጣሽ?» አለች። «አልተቆጣኝም» ስል የማልቀስ ተራው የኔ ሆነ፤ ፊቴን ወደ አሸንዳው አዞርኩ። መዶሻው እንደገና ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን የመዋዕለ ሕፃናቱ እጣቢ ተተክሎ ቆመ። አባቴ ወርዶ ክዳኑን እጄ ላይ አስቀመጠው፤ አልተበሳም። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚበሳው።

«ብሺው» አለኝ።

የምስማር ቆርቆሮውን አቀበለኝ። ከፈትኩት። ቀጭን ምስማር ስፈልግ ጣቴ እሷን ነካት። እንደ ጠጠር ደርቃለች፤ ሮዝነቷ አልለቀቀም። ላወጣት አልኩ። አባቴ ወደ ሌላ በኩል እያየ ነበር።

ተውኳት። ምስማሩን ብቻ አነሣሁ።